የቀሩኝ ሁለት ጥሪዎች

ሙያዬ መሬት መለካት ነው። ነበር ልበል መሰለኝ፤ አሁን የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ለምን ወደዚያ እንደተዛወርኩ ሰው ሲጠይቀኝ «ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ጉልበቴን ያመኛል። ሙሉው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ እሱን ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ተወልጄ ያደግሁት መርሐቤቴ፣ ሞቃቷ ዓለም ከተማ ነው። ሥራዬ ደግሞ መንዝ ደጋ ላይ ነበር፤ ከብርዱ ጋር ሳንስማማ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። ካፖርት፣ ሹራብ፣ ከላዩ ጋቢ ደርቤ ስሄድ የአገሩ ሰው «የመርሐቤቴው ሙሽራ መጣ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። በሥራዬ ግን የሚስቅብኝ አልነበረም። ጽሕፈቴ ያምራል፤ የኔ ፋይል ስርዝ ድልዝ አያውቅም። አዲስ ባለሙያ ሲቀጠር አለቃዬ ከመደርደሪያው የኔን ፋይል አውጥቶ «እንደዚህ ነው የሚሠራው» ብሎ ያሳየው ነበር። እኔም በዚያ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅሬ ያልሰማሁ እመስላለሁ።

ከሥራችን አንዱ ስም መጥራት ነው። የይዞታ ደብተር ከመሰጠቱ በፊት ባለሙያው በሕዝብ ፊት ስም ይጠራል፤ ባለመሬቱ «አለሁ» ይላል፤ አዋሳኞቹም «አዎ፣ የሱ ነው» ብለው ይመሰክራሉ። ያልተገኘ ሰው ሦስት ጊዜ ይጠራል። ከአገር የራቀ ከሆነ በሦስት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይጠራል፤ በአካባቢው ያለ ከሆነ እዚያው መሬቱ ላይ ቆሞ ጠዋት፣ ቀትርና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጠራል። ሦስት ተጠርቶ ያልቀረበ ይሰረዛል። ቅጹ ላይ ለዚህ የተተወችው ቦታ ከጣት አትበልጥም፤ «__ ጊዜ ተጠርቶ አልቀረበም» ትላለች። በባዶው ቦታ ላይ 3 ቁጥርን መጻፍ ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ካበቃ በኋላ፣ ቢሮዬ ካለበት ከዘመሮ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ወደሚያስኬድ አንድ እርሻ ተላክሁ። የአካባቢው ሰው «የደጀ ሰላሞቹ እርሻ» ይለዋል። እርሻውን የያዙት ቤት አልባ ሆነው በቤተ ክርስቲያን ደጅና በመናኸሪያው ጥግ ያድሩ የነበሩ ሰዎች ስለሆኑ ነው። የሰንበቴ ማኅበርተኞች በየሳምንቱ ያበሏቸው ነበር። አንድ እሑድ ከማኅበርተኞቹ አንዱ «እነዚህ ሰዎች እኮ እጅ አላቸው፤ እኛ ሆዳቸውን ብቻ ነው የምናየው» አለ ይባላል። ከዚያ ቀበሌውን ለምነው፣ ማንም የማይፈልገው ድንጋያማ ተረተር ለሙከራ ተሰጣቸው። አሁን ሙከራው አልቆ ወይ ደብተር ይሰጣቸዋል፣ ወይ ይነጠቃሉ። ይህን የሚወስነው የኔ ሪፖርት ነበር።

የተቀበሉኝ የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ናቸው። በመናኸሪያ ተሸካሚ ሳሉ አንድ እግራቸው በጭነት መኪና ጎማ ተጎድቶ ያነክሳሉ፤ ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነም።

«ድንጋይ ነው የሰጡን» አሉኝ እየመሩኝ። «ድንጋዩን ስንለቅም ከሥሩ ሌላ ድንጋይ ወጣ። እሱንም ስንለቅም ሌላ። አፈሩን ስናገኘው እኛም አላመንን፤ ደምሴ ሸክም ናፍቆት ነው ብለው ሲስቁብኝ ነበር።»

የለቀሙት ድንጋይ ማሳውን ዙሪያውን ከቦ እስከ ደረቴ የሚደርስ ካብ ሆኗል። ከካቡ ውስጥ የገብስ ቃርሚያ፣ ሁለት ጥማድ የማይሞላ የነጭ ሽንኩርት መደብ፣ የበጎች ጉረኖ፣ በጓሳ ሣር የተከደኑ አራት ጎጆዎች አሉ። በአንዱ ጎጆ ሸማኔ ተቀምጦ የበግ ጠጉር ባና ይሠራል። ሁሉን ዓይቼ በልቤ «ደህና ይዘውታል» አልኩ። ከዚያ ያለፈ ስሜት አልነበረኝም። ለመለካት ነው የመጣሁት።

ችግሩ ምን እንደነበረ አሁን ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ በነበረው አሠራር በማኅበር መሬት የሚይዙ ሰዎች ከአሥር ማነስ የለባቸውም። እነሱ ደግሞ ልክ አሥር ነበሩ። አንድ ሰው ቢጎድል መሬቱ ለአካባቢው ወጣቶች ይዞራል፤ ከወጣቶቹ ሦስቱ የአዋሳኙ የአቶ ንጋቱ ልጆች ናቸው። አቶ ንጋቱ ክፉ ሰው አይደሉም። የልጆቻቸው ነገር የሚያስጨንቃቸው አባት ናቸው።

«ይኸውልህ አቶ ታደለ» አሉኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ። «በነሱ አልጨክንም። ግን ዛሬ አሉ፣ ነገ የሉም። መንገድ የለመደ እግር ነው። የኔ ልጆች የት ይሄዳሉ? እዚሁ ናቸው።»

መለካት ጀመርን። ጂፒኤሱ ብርዱን አልወደደውም መሰል ከሁለተኛው ጥግ በኋላ ጠፋብኝና ሜትር አወጣሁ። የሜትሩን ጫፍ አጠገቤ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት ያዙልኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ባና የለበሱ ሴት ናቸው፤ በመቀነታቸው እንዝርት ሸጉጠዋል። ስማቸው ወይዘሮ አስካለ ተክሌ እንደሆነ በዝርዝሩ ላይ አለ፤ ያኔ ግን ዝርዝሩን ገና አላነበብኩትም ነበር። ባነበውም የማስታውሰው አይመስለኝም። በዓመት ስንት አስካለ እጽፋለሁ።

ሦስተኛውን ጎን ስንይዝ ከወዲያኛው ጫፍ ጠየቁኝ።

«ታደለ ነው ያሉዎት እኒህ ሰውዬ?»

«አዎ እማማ።»

«የአባትዎስ ስም?»

«ወንድይራድ። ታደለ ወንድይራድ።»

ሜትሩ ላላ።

«እማማ፣ ያጥብቁት እንጂ» አልኳቸው። ደክሟቸው ነው ብዬ ነበር። አጠበቁት። ከእጄ ሊያስለቅቀኝ እስኪደርስ ነው ያጠበቁት። ልኬቱን ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ጥግ አለፍን።

ምሳ የገብስ ቂጣ በተልባ አቀረቡልን። የጉረኖውን ካብ ተደግፈን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፤ ኮሚቴዎቹ ወደ ቤታቸው ሄደው ስለነበር ከኔ ጋር ጋሽ ደምሴና ወይዘሮ አስካለ ብቻ ነበሩ። ሴትዮዋ አይበሉም፤ እንዝርታቸውን አውጥተው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ።

«ወደ ቀየት በኩል ሠርተው ያውቃሉ?» አሉኝ።

«ሠርቻለሁ። ከቀየት ማዶ ባሉ ቀበሌዎች፤ አራት ዓመት ይሆነዋል።»

«እኔ የዚያ አገር ሰው ነኝ። አንዲት ሴት ነበረች እኛ አገር።» እንዝርቱ አልቆመም። «ልጇ ታመመችባትና ጸበል ይዛት ሄደች። ስምንት ወር ቆየች። ልጅቱ አልዳነችም፤ እዚያው ቀበረቻት፣ አርባዋን አውጥታ ተመለሰች። ቤቷ የደረሰች ዓርብ ቀን ነው። ጎረቤቶቿ ከለቅሶው በፊት ያወሯት ምን መሰለዎት? ‹መሬትሽ ሊሄድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ስምሽ ተጠርቷል፤ ሦስት ተጠርቶ ያልቀረበ ይሰረዛል› አሏት።»

ጋሽ ደምሴ ቂጣቸውን ማኘክ አቆሙ።

«ስንቴ ተጠራሁ ብላ ጠየቀች። አንዴ ነው አሏት። ባለፈው እሑድ ጠሪው አልመጣም። የነገ ወዲያው ይቀርሻል አሏት። ቅዳሜን ነጠላዋን አጠበች። እሑድ ማልዳ ሄዳ ከሴቶቹ ፊት ቆመች፤ ስሟ ሲጠራ አለሁ እንድትል። ድምፄ ይዘጋብኝ ይሆን ብላ ፈርታ ነበር፤ በለቅሶ ብዛት ድምጿ ጠፍቶ ነበራ። ቅዳሴው አለቀ። ሰው ወጣ። ጠሪው የለም። እስከ ስድስት ሰዓት ቆመች፤ ካህናቱም በሩን ዘግተው ሄዱ። በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። ባለሙያው ሲመጣ ይጠራሻል፣ ጠብቂ አሏት። ጠበቀች።»

«ከዚያስ?» አልኩ። ከዚያ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ዝም ማለቱ ከበደኝ።

«ከዚያማ ወረቀቱ መጣ። ሦስት ጊዜ ተጠርታ አልቀረበችም ይላል። ብትጮህ ማን ይስማት? አቤት ልትል ቢሮ ብትሄድ ፋይሉን አውጥተው አዩላት። ‹እናቴ፣ ፋይሉ ንጹህ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም› አሏት።»

ተነሡና የበጎቹን ውሃ ሊያዩ ሄዱ። ስሜን አልጠሩም፤ ጣታቸውንም አልቀሰሩብኝም።

አሁን እኔ ልናገር። የመጀመሪያውን እሑድ ጠርቻለሁ፤ ያንን አስታውሳለሁ፣ ጉም ነበር፣ ማንም አልመለሰም። በሁለተኛው እሑድ ለዛሬዋ ባለቤቴ ሽማግሌ ልኬ ዓለም ከተማ ነበርኩ። ለዚህ ምክንያት አለኝ ልል እችላለሁ። በሦስተኛው እሑድ ግን ምንም ምክንያት የለኝም። ዘመሮ፣ ተከራይቼባት በነበረችው ክፍል፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኝቼ ነበር። ከእንቅልፌ ነቅቻለሁ፤ ውጪውን አየሁት፤ ያን ሁሉ መንገድ በብርድ ለማትገኝ ሴት ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ሰኞ ቢሮ ገብቼ 3 ቁጥርን ጻፍኩ። ያማረች ሦስት ነበረች።

ያን ሌሊት እርሻው ላይ አደርኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጋሽ ደምሴ ሲጠይቁኝ በብርዱ አሳበብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ማሳው መካከል ተሰበሰበ። የቀበሌው መሬት ኮሚቴ፣ አቶ ንጋቱና ሌሎች አዋሳኞች፣ የማኅበሩ ሰዎች። ዝርዝሩን ይዤ መጥራት ጀመርኩ። ሰዎቹ ታጥበው፣ ያላቸውን ደህና ልብስ ለብሰው ነው የመጡት። አንዱ ስሙ ሲጠራ «አለሁ» ካለ በኋላ ቆቡን አውልቆ እንደገና «አለሁ ጌታዬ» አለ፤ ሰው ሳቀ። ስማቸው ተጠርቶ የማያውቅ ሰዎች ናቸው። ያለፉትን ዓመታት «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «ዞር በሉ» ሲባሉ ነው የኖሩት።

አሥረኛው ስም ላይ ደረስኩ።

«ወይዘሮ አስካለ ተክሌ!»

መልስ የለም። ጋሽ ደምሴ ዞር ዞር ብለው ፈለጉ። አንዷ ሴት ጎጆው ድረስ ሮጣ ተመለሰች።

«የሉም። መኝታቸው ታጥፏል። ሲነጋጋ ወጥተዋል።»

አቶ ንጋቱ ኮሚቴዎቹን አዩአቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። እጁን በብርዱ ያፋትጋል።

«ጠርተሃል፣ አልቀረበችም። ሦስት ብለህ ጻፍና እንሂድ። ሁሌ የምናደርገው አይደለም እንዴ?»

ሁሌ የምናደርገው ነበር። ይህን ሲለኝ አላፈረም፤ እኔም ሌላ ቀን ቢሆን አላፍርም ነበር። ቅጹ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ብዕሬ ተከፍቷል። ሴትዮዋ ለምን እንደሄዱ ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር። የኔን ፊት ማየት አስጠልቷቸው ሄደዋል፤ በሳቸው መሄድ ዘጠኝ ሰዎች ወደ መናኸሪያው ጥግ ይመለሳሉ። ሁለተኛ ጊዜ ላጠፋቸው ነው። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። የፈራሁት ለነሱ ይሁን ለራሴ ግን እስካሁን ለይቼ አላውቀውም።

«ቀትር ላይ እንደገና እጠራለሁ» አልኩ።

«ምን?»

«ሦስት ነው የሚለው። ቀትር ላይ አንድ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ።»

ኮሚቴው አጉረመረመ። አንዱ «የመርሐቤቴው ሙሽራ ዛሬ ብርዱን ረሳው» አለ። ሄደው በቀትር እንዲመለሱ ተስማማን።

ቀትር ላይ ካብ ላይ ወጥቼ ጠራሁ። «ወይዘሮ አስካለ ተክሌ!» ድምፄ ተረተሩን ወርዶ ሄደ። ሰው ሁሉ ወደ መንገዱ ያያል። ማንም አልመጣም።

ኮሚቴዎቹ ጥላ ፍለጋ ሲሄዱ ጋሽ ደምሴ እያነከሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሲቀልዱ እንጂ ሲቆጡ አላየኋቸውም ነበር።

«ትናንት ማታ ወረቀት አውጥተው ‹አንብብልኝ› አሉኝ። በፌስታል ጠቅልለው በጉያቸው ነው የሚይዙት። እዚህ ከመጡ ጀምሮ ስንቴ እንዳነበብኩላቸው አልቆጠርኩትም። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያለውን ስም ድገምልኝ ይሉኛል። እደግምላቸዋለሁ። ስሙ የማን እንደሆነ ትናንት ነው ያወቅሁት።»

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ለኔ አትንገረኝ። እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። አሥር ነን። እሳቸው ከሌሉ የለንም። አንተ ደግሞ አንድ ቁጥር ብትጽፍ ወይ ባትጽፍ ማንም አያይህም። ታውቀዋለህ።»

ምን እንድጽፍ እየለመኑኝ እንደሆነ አልገባኝም። «አለች» ብለህ ጻፍልን እያሉኝ ነው ወይስ ተጠንቀቅ እያሉኝ ነው? ቢያንስ አንድ ጊዜ «አለች» ብዬ ለመጻፍ አስቤያለሁ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም። አንድ ውሸት ጽፌ አጥፍቻቸው ነበር፤ ሌላ ውሸት ጽፌ ላድናቸው። አቶ ንጋቱ ከካቡ ማዶ ሦስት ልጆቻቸውን አስከትለው ተቀምጠዋል። ልጆቹ መሬቱን ያዩታል። እነሱም የሰው ልጆች ናቸው። ብዕሩን ኪሴ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። የማኅበሩ ሰዎች ደህና ልብሳቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል፤ ሥራ መሥራት አልቻሉም፣ መሄድም አልቻሉም። ያ ቆቡን አውልቆ የነበረው ሰው የሽንኩርት መደቡን ጠርዝ በእጁ ያስተካክላል፤ ያስተካከለውን መልሶ ያስተካክላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ እሱን ሳይ ቆየሁ።

ፀሐይ ወደ ገደሉ ስታዘቀዝቅ ኮሚቴዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተመለሱ። ካቡ ላይ ወጣሁ። ጉልበቴ ያን ቀን ነው መታመም የጀመረው።

«ወይዘሮ አስካለ ተክሌ!»

እንደሌላው ጊዜ ቸኩዬ አልወረድኩም። መጠበቅ የሚገባኝን ያህል ጠበቅሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ «በቃ እንግዲህ» አለ። ያን ጊዜ ከጉረኖው ጀርባ፣ ትናንት ምሳ ከበላንበት ካብ ወዲያ፣ ድምፅ መጣ።

«አለሁ።»

ባናቸውን እያራገፉ ወጡ። በእጃቸው እንዝርት ይዘዋል፤ የፈተሉት ክር የሕፃን ራስ ያህል ሆኗል። ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጠው ሲፈትሉ ነበር የዋሉት። ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ጋሽ ደምሴ «ኧረ እናንተ!» ብለው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ወይዘሮ አስካለ መሬቱ መካከል መጥተው ቆሙ። አዋሳኞቹ አንድ በአንድ ተጠየቁ። አቶ ንጋቱ ልጆቻቸውን አዩ፤ ከዚያ «አዎ፣ የነሱ ነው። ድንጋዩን ሲለቅሙ አይቻለሁ» አሉ። አሥር ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሲበተን ሴትዮዋ ወደ እኔ መጡ። ትናንት «እርስዎ» ሲሉኝ የነበሩት «አንተ» አሉኝ።

«ከጠዋት ጀምሬ እሰማህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ስንቴ እንደምትጠራ ልስማ ብዬ ነው።» ክሩን እንዝርቱ ላይ አጠበቁት። «ባትጠራም ወጥቼ አለሁ እል ነበር። በኔ ቂም የእነዚህን መሬት አላስበላም። ግን ያን ጊዜ ያንን ወረቀት በዚህ ሰው ሁሉ ፊት አስነብብህ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ይቅርታውን እግዜር ያውቃል። እኔ የምነግርህ የኔን ነው። ይህ የዛሬው ጥሪ የዚህ መሬት ነው፤ ጨርሰሃል። የአገሬ ሁለት ጥሪ ግን ይቀርሃል።»

ይህን ብለው ወደ በጎቻቸው ሄዱ።

እርሻው ደብተሩን አገኘ። እኔ ቢሮ ስመለስ «በወይዘሮ አስካለ ፋይል ላይ ሁለቱን ጥሪዎች ሳልጠራ ሦስት ብዬ ጽፌያለሁ» የሚል ማመልከቻ ጽፌ አስገባሁ። አለቃዬ ሁለቴ አነበበው። «የሞተ ፋይል ምን ያስቆሰቁስሃል? ስንቱን ፋይል ልትከፍትብኝ ነው?» አለኝ። የፈራው ያንን ነበር፤ ትክክልም ነው፣ ብዙ ሦስቶች አሉ። ማመልከቻውን መልሼ አልወሰድኩም። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ከመስክ ሥራ ተነሥቼ መዝገብ ቤት ገባሁ። አሁን የምደረድረው የጻፍኳቸውን ፋይሎች ነው። ያማሩ ናቸው። ስከፍታቸው ግን መጀመሪያ የማየው ጽሕፈቱን አይደለም።

እናንተም፣ ይህን የምታነቡ፣ የሆነ ቦታ ቅጽ የምትሞሉ ትኖራላችሁ። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ባንክ፣ የትም። ልመክራችሁ አይደለም፤ መካሪ የምሆንበት ፊት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። እኔ ያቺን ሦስት ስጽፍ ማንንም እየበደልኩ እንደሆነ አላሰብኩም። የማትገኝ ሴት ናት ብዬ ነው። እሷ ግን ነጠላዋን አጥባ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህ «አልቀረበም» የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር የት ቆሞ ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ። ሥራዬን አዘግይቶታል፤ ባለቤቴም «ምን ሆነህ ነው የምታመሸው?» ትላለች።

መሬታቸው አልተመለሰም። የያዘው ሰው አርሶበት ልጆች አሳድጎበታል፤ ጉዳዩ እስካሁን ፍርድ ቤት ነው፤ እኔም ሦስት ጊዜ ቀርቤ መስክሬያለሁ። ወይዘሮ አስካለ ቢመለስላቸው እንኳ ከእርሻው እንደማይወጡ ነግረውኛል። «ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?» ብላቸው በጣም ተቆጡ።

ሁለቱን ጥሪዎች ግን ጠርቻለሁ። የመጀመሪያው እሑድ ብቻዬን ነበርኩ። ከቅዳሴ በኋላ በአገራቸው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ያደረግሁትን ተናገርኩና ስማቸውን ጠራሁ። ሰው ግራ ተጋባ፤ አንዳንዱ ሳቀ፤ የሚመልስ አልነበረም። በሚቀጥለው እሑድ ጉም ነበር፤ ልክ እንደዚያን ጊዜው። ሴቶቹ በሚቆሙበት በኩል፣ ከፊት፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ ረጅም ሴት አየሁ። ነጠላው ታጥቧል። ከኋላቸው ጋሽ ደምሴ በበትራቸው ተደግፈው ቆመዋል። ካህናቱ ወጥተው ሕዝቡ እስኪረጋ ጠበቅሁ።

«ወይዘሮ አስካለ ተክሌ!»

ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ዞረው አዩአቸው። ሴትዮዋ ግን ማንንም አላዩም፤ እኔንም ጭምር።

«አለሁ» አሉ። ድምፃቸው አልተዘጋም። «ያን ጊዜም ነበርኩ።»